ያቺ አንዲት የደጃፍ ደረጃ

የሰፈራችሁ ፋርማሲ በሩ ላይ አንዲት ደረጃ ካለችው፣ በዊልቸር የሚሄድ ደንበኛ መድኃኒቱን የሚገዛው ውጭ ሆኖ በሰው ነው። ባለቤቱን «አካል ጉዳተኞችን አስቡ» ከማለት ይልቅ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ደረጃዋን አብራችሁ ለኩ።

የራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። የ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 1.80 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል፤ ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ርዝመቱን 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያቆሙታል፤ ያ ሞተር ሳይክል ለማስገባት ይሆን እንደሆነ እንጂ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። የእግረኛ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ በግድግዳው ጥግ ወደ ጎን ይሠራ፤ በሩ ፊት ግን ወንበሩ የሚዞርበት 1.50 ሜትር በ1.50 ሜትር ሜዳ ይተው።

ሊሾ አታስደርጉ፣ ክረምት ላይ ያንሸራትታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም መጫር ይበቃል።

ባለቤቱ ካንገራገረ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 መደንገጉን ንገሩት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ራምፑ ግርጌ ሊስትሮ ወይም መኪና እንዳይቆምበት ቢጫ ቀለም ይቀባ።