በአውሮፓ የባቡር ጉዞ ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍራንክፈርት ስለምኖር ሐምሌና ነሐሴ በተቃረቡ ቁጥር ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ ዘመድ ወዳጅ የጉዞ ዕቅዱን ይልክልኛል። «እስቲ አንድ ጊዜ እየውና ስህተት ካለው ንገረኝ» ይሉኛል፤ ስነግራቸው ግን ብዙዎቹ ይቀየማሉ። የሚላኩልኝ ዕቅዶች አብዛኞቹ ካርታ ፊት ተቀምጦ የተነደፉ ናቸው፤ ካርታ ላይ ደግሞ ሻንጣ አይከብድም።

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የጨረሰው የከተሞቹ ብዛት ነው። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን የላከልኝ ዕቅድ በ9 ቀን ፍራንክፈርትን፣ አምስተርዳምን፣ ብራስልስን፣ ፓሪስን፣ ሚላኖን፣ ቬኒስንና ሮምን ያዳርሳል። ስዕለት ያለበት ሰው እንኳ እንዲህ አይዞርም። ስቆጣው «ከአምስተርዳም ፓሪስ እኮ 3 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም» ብሎ መለሰልኝ። ስለ ባቡሩ የተናገረው ልክ ነው፤ ቀኑን የሚጨርሰው ግን ባቡሩ ብቻ አይደለም። ጠዋት ሻንጣ ይከተታል፤ ሆቴሉ ክፍሉን እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት አስረክቡ ይላል፤ ወደ ጣቢያ በትራም ይኬዳል፤ ጣቢያው ሰፊ ስለሆነ ባቡሩ ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል፤ ፓሪስ ሲደረስ የሜትሮ ቲኬት መቁረጫው ፊት ሰልፍ አለ፤ አዲሱ ሆቴል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። በዚህ ላይ ሕፃን ልጅ ካለና እሱም ከራበው የቀረውን እርስዎ ይጨምሩበት። ከተማ መቀየር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከፓሪስ ሚላኖ እንደሚወስደው ዓይነት የ7 ሰዓት ገደማ ጉዞ ሲሆን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ሰባት ከተማ ማለት ስድስት ጊዜ ዕቃ ጠቅልሎ መነሳት ነው። ሌሊቱን ሲበር ያደረ ሰው የመጀመሪያውን ቀንም በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያሳልፈው አይርሱ።

ለ9 ቀን ሦስት ከተማ ይበቃል ባይ ነኝ። ሌላውን ሻንጣን ሆቴል ትቶ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ በመመለስ ማየት ይቻላል። ብራስልስ ያረፈ ሰው ጌንትን በግማሽ ሰዓት፣ ብሩዥን በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርስባቸዋል፤ ከሮም ፍሎረንስም በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልሰማኝም። ሮም ሲደርስ በስልክ የላከልኝ ፎቶግራፍ የኮሎሲየም አልነበረም፤ ቴርሚኒ ጣቢያ ወለል ላይ ሻንጣ ተንተርሳ የተኛች የ6 ዓመት ልጁ ነበረች።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት በገቡበት ከተማ ለመውጣት ብሎ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፍራንክፈርትም፣ ፓሪስም፣ ሮምም ይበራል፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አንድ ሙሉ ቀን ያተርፋል።

ለንደንን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ባቡሩ ከፓሪስ ለንደን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ ሰው እንደ ሌላው ከተማ ቆጥሮ መሀል ላይ ይሰካዋል። እንግሊዝ ግን የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ አባል አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልገዋል፤ የእንግሊዝ ድንበር ሠራተኞችም ፓስፖርቱን የሚያዩት እዚያው ፓሪስ፣ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ውስጥ ገና ሳይሳፈር ነው። ከዚህ የከፋው መመለሻው ነው፤ የሸንገን ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ፓሪስን ለቆ ለንደን በገባበት ቅጽበት አገልግሎቱ አብቅቷል፤ ስለዚህ የሮሙ ሆቴል በከንቱ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ይህ ስህተት በብዛት የሚፈጠረው የቤተሰቡን ዕቅድ የሚያወጣው የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ልጅ ሲሆን ነው፤ እሱን ስለማይነካው እናቱን እንደሚነካት አይታየውም። እሱም ቢሆን ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ እንግሊዝ ለመግባት አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚቀርበው ደግሞ ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ስለሆነ የከተሞቹ ድርሻ ከማመልከቻው በፊት መወሰን ይኖርበታል።

የሰዓት ነገር የእኛው ብቻ ችግር ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ የወንድሜ ልጅ ለአክስቴ ደውሎ «አክስቴ፣ ባቡርዎ ነገ 8 ሰዓት ላይ ነው» አላቸው። እሳቸውም ተረጋግተው ቡና አፍልተው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ ባቡሩ ከሄደ አምስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ልጁ «8 ሰዓት» ያለው የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው። ለሽማግሌ ሲነግሩ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይበሉ፤ በወረቀት ላይ ደግሞ ቲኬቱ ላይ እንደታተመው 08:00 ወይም 14:04 ብለው ይጻፉ፣ ዕለቱንም ማክሰኞ ነው ረቡዕ ብለው ይጨምሩበት። ከአሜሪካ የሚመጡ ደግሞ 05/07ን ሜይ 7 ብለው ያነቡታል፤ አውሮፓ ውስጥ ይህ ጁላይ 5 ነው።

«ፓሪስ ጣቢያ» የሚባል ቦታ የለም። ከፍራንክፈርት የሚመጣው ባቡር ጋር ደ ሌስት ይገባል፤ የብራስልስና የለንደኑ ጋር ዱ ኖር ነው፤ ወደ ሊዮን፣ ማርሴይና ኒስ የሚነሳው ከጋር ደ ሊዮን ነው። ቬኒስም ሁለት አላት፤ ሜስትሬ የብሱ ላይ ነው፣ ሳንታ ሉቺያ ደግሞ ደሴቷ ላይ። ፍራንክፈርት እንኳ ሁለት ከተማ ነው፤ በኦደር ወንዝ ላይ ያለችው ፖላንድ ድንበር ላይ ናት። ቬኒስ ጣቢያ የቆመ ሰው ሙኒክን ሲፈልግ ሰሌዳው «ሞናኮ» ቢለው አይደንግጥ፤ ጣልያኖች ሙኒክን የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

አሁን የራሴን ስህተት ልናዘዝ። ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቂት ዩሮ ለማትረፍ ብዬ እስከ ፓሪስና ከፓሪስ ኒስ ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዛሁ፤ በመካከል የተውኩት ጊዜ 55 ደቂቃ ነበር። የመጀመሪያው ባቡር 40 ደቂቃ ዘገየ። ከጋር ደ ሌስት በ5ኛው ሜትሮ ባስቲይ፣ ከዚያ በ1ኛው ጋር ደ ሊዮን እየሮጥኩ ደረስኩ፤ የቀረልኝ ባዶ ሐዲድ ነበር። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተገዙ በመሆናቸው ለሁለተኛው ተጠያቂ የሚሆንልኝ አልነበረም፤ በዕለቱ ዋጋ ሌላ ቲኬት ገዛሁ። ጉዞው በአንድ ቲኬት የተያዘ ቢሆን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው ባቡር የመሳፈር መብት ይኖረኝ ነበር፤ 60 ደቂቃ ለዘገየ የቲኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ለዘገየ 50 በመቶ ካሳም ይጠየቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጀርመን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆኑ የ8 ደቂቃ መቀያየሪያ ያለው ዕቅድ ሲያሳዩኝ ዝም ብዬ ወረቀቱን እመልሳለሁ። ፓሪስ ውስጥ ጣቢያ ለሚቀይር ሁለት ሰዓት እመክራለሁ።

በጀርመን ርካሹ ቲኬት ከተመረጠው ባቡር ጋር የታሰረ ነው፤ የሚፈታው መድረሻ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘግየት ሲጠበቅ ነው።

ስለ ፓስ፣ ማለትም አንዴ ተገዝቶ በብዙ ባቡር ስለሚያሳፍረው ቲኬት፣ ብዙ አልልም። ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ነዋሪ፣ ዩሬይል ከውጭ ለሚመጣ ነው፤ የሚታየውም የመኖሪያ አገር እንጂ ፓስፖርቱ አይደለም። ፓስ ይዞ መቀመጫ ያለው የሚመስለው ሰው ግን ብዙ ነው፤ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ ቦታ ማስያዝና ለዚያም መክፈል ግዴታ ነው።

ሻንጣውን የሚሸከመው ባለቤቱ ስለሆነ ለአየር መንገዱ የሚፈቀደውን ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ባቡር ላይ ይዞ አይወጣም። በርበሬውንና ሽሮውን መጀመሪያ የሚያርፉበት ዘመድ ቤት ያራግፉ።

ፉርጎ ከመግባትዎ በፊት በሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ ያንብቡ፤ ከበርሊን ወደ ምዕራብ የሚሄዱ አንዳንድ ባቡሮች ሃም ላይ ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ኮሎኝ፣ ግማሹ ዱሰልዶርፍ ይሄዳል። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ የአጭር ርቀት የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት መድረኩ አጠገብ ባለው ማሽን ካልተመታ ቅጣት ያስከፍላል።

ሮም ቴርሚኒ የሚደርስ ሰው ከጣቢያው ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ይኑረው። ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ አምስት መቶዎቹም በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው፤ ሐውልታቸውም ከዚያው ብዙ አይርቅም። የአጎቴን ልጅ አየኸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የት ጋ? እኛ እኮ ልጅቷን ተሸክመን ቀጥታ ታክሲ ውስጥ ነው የገባነው» አለኝ።