የሐኪም ወጪና ግብር፦ ጅማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እንግሊዝ አገር የሚሠራ የጅማ ምሩቅ እዚህ ላለው የባች ጓደኛው ስልክ ይደውላል። ጨዋታ ጨዋታን ያነሳና ግብር ላይ ይደርሳሉ። ያኛው ለሙያ ምዝገባ በየዓመቱ የሚከፍለውን ከግብሩ እንደሚያስቀንስ፣ ያለፉትን 4 ዓመታትም ወደኋላ ሄዶ መጠየቅ እንደሚችል ይነግረዋል። እውነቱን ነው። እዚያ አገር ተቀጣሪ ሐኪምም ሆነ የጥርስ ሐኪም ይህን ማድረግ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ወሬው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካፌ ሲደርስ ነው። «እኛስ ለምን አናስቀንስም?» ይባላል። ከዚያ አንዱ የጋውን ደረሰኝ፣ ሌላው የሥልጠና ክፍያ ይዞ ሂሳብ ሠራተኛ ፍለጋ ይወጣል።

የጅማ ክሊኒኮችን ሂሳብ ስለምሠራ እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ እሰማለሁ። ስህተቶቹ ብዙም አዲስ አይደሉም።

የደሞዝተኛን ወጪ ከደሞዝ ግብር ላይ ለማስቀነስ መሞከር

ከሁሉም የበዛው ይኼ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል። ደሞዝ ሠንጠረዥ «ሀ» ውስጥ ነው። የንግድ ሥራ ገቢ፣ የግል ክሊኒክም ጭምር፣ ሠንጠረዥ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ተቀናሽ ወጪ የሚባለው ነገር ያለው «ሐ» ላይ ነው። የደሞዝ ግብር የሚሰላው ሠራተኛው ገቢውን ለማግኘት ያወጣው ወጪ ሳይቀነስለት ነው።

ስለዚህ ተቀጣሪ ከሆኑ ስቴቶስኮፑም፣ ጋውኑም፣ የፈቃድ እድሳቱም፣ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሥልጠናውም፣ ለሌሊት ዲዩቲ የከፈሉት ባጃጅም ከኪስዎ ወጥቶ ይቀራል። ኮስት ሼሪንግም (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ መጋራት ክፍያው) እንደዚያው ነው። ከደሞዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታ እንኳ ግብሩን አይቀንስም። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቆረጡ በፊት ባለው ደሞዝ ላይ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም። ፈቃድ ካላሳደሰ መሥራት የማይችል ሰው የእድሳቱ ክፍያ የሥራ ወጪው ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን ሕጉ እንዲህ ነው።

በ2017 ሐምሌ የወጣው ማሻሻያም ይህን አልነካውም። የለወጠው መጠኑን ነው። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን የሚጀምርበትም ከ10,900 ብር በላይ የነበረው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ።

ታዲያ ተቀጣሪ ምንም መላ የለውም ማለት አይደለም። ሕጉ አሠሪው ለሠራተኛው ከሚከፍለው ውስጥ አንዳንዱን፣ በተቀመጠለት ገደብ፣ ከግብር ነፃ ያደርገዋል። ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፈል ወጪ፣ በውል የተያዘ የትራንስፖርት አበል፣ ለሥራ ጉዞ የሚከፈል የትራንስፖርት ወጪና የውሎ አበል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በተረፈ «አበል» ስለተባለ ብቻ ነፃ የሚሆን ክፍያ የለም። ነፃ ነው ብሎ ሕጉ ካልጠቀሰው ከደሞዝ ጋር ይደመራል።

ስለዚህ ጊዜው ግብር ማሳወቂያ ላይ ሳይሆን ቅጥር ላይ ነው። የግል ሆስፒታል ሲቀጥርዎ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለው «ደሞዝ» ከማስጻፍ የትራንስፖርት አበሉ በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ጋውንና መሣሪያውን ተቋሙ ይግዛው። ሥልጠናውንም ተቋሙ በራሱ ስም ይክፈል። እርስዎ ሊያስቀንሱት የማይችሉትን እሱ በወጪ መያዝ ይችላል።

በ«ፐርሰንት» ሲሠሩ ውሉን አለማየት

ቀን መንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ደግሞ የሰው ክሊኒክ። ጅማ ላይ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከታከመው ሰው ክፍያ በመቶኛ ነው የሚታሰበው። ጥያቄው፦ ይህ ገንዘብ ደሞዝ ነው ወይስ የንግድ ገቢ?

መልሱ የሚከፈልበት መንገድ ላይ ሳይሆን ግንኙነቱ ላይ ነው። ሰዓትዎን ክሊኒኩ የሚወስን፣ በክሊኒኩ መሣሪያ የሚሠሩ፣ በሥራ ውል የገቡ ከሆነ ተቀጣሪ ነዎት። ፐርሰንትም ቢሉት ሠንጠረዥ «ሀ» ነው። ወጪ አይነሳም። ከሁለት አሠሪ የሚያገኙት ደሞዝም ተደምሮ ነው የሚሰላው። ሁለቱ ቦታዎች ለየብቻ ከዝቅተኛው ጀምረው ሲያሰሉ ቆይተው ልዩነቱ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ያማል። በራስዎ ፈቃድና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ በራስዎ ደረሰኝ አገልግሎት የሚሸጡ ከሆነ ግን «ሐ» ውስጥ ነዎት። ወጪም መያዝ ይችላሉ። ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ መውሰድ አይቻልም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል ተቀጣሪ የደሞዝ ግብር የፌዴራሉ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው። ስለዚህ ቀን ሕክምና ማዕከሉ ውስጥ የሚሠራና ማታ በስሙ የተከፈተ ክሊኒክ ያለው ሐኪም ሁለት ቦታ ግብር ይከፍላል። የክሊኒኩ ጉዳይ የሚታየው በኦሮሚያ የገቢ መሥሪያ ቤት ነው። «እኔ እኮ ከደሞዜ ተቆርጦብኛል» የሚለው መልስ እዚያ አያስኬድም።

ደረጃን ሳያውቁ ደረሰኝ መሰብሰብ

የሂሳብ መዝገብ የማይጠበቅበት ዝቅተኛ ደረጃ ግብር ከፋይ የሚከፍለው በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ የጓንት ደረሰኝ በካርቶን ማከማቸት ግብሩን በሳንቲም አይቀንሰውም። ወጪ ትርጉም የሚኖረው መዝገብ ሲያዝ ነው። የደረጃ አከፋፈሉ በ2017ቱ ማሻሻያ ስለተነካ የድሮውን ደረጃ ይዞ መቀጠል አደጋ አለው። ቢሮ ሄደው ያረጋግጡ።

ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ

አንድ ወጪ ተቀናሽ እንዲሆን ገቢውን ለማግኘትና ለማስቀጠል የግድ የወጣ መሆን አለበት። ይህን ማስረዳት ለክሊኒክ ከባድ አይደለም። ማደንዘዣ፣ ጓንት፣ የጥርስ መሙያ፣ ለጥርስ ላብራቶሪ የሚከፈል፣ የነርሶቹ ደሞዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። የሚከብደው ወጪው መውጣቱን ማሳየት ነው።

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሂዶ፣ ወይም በስልክ ታዝዞ፣ በአውቶቡስ ይላካል። ሻጩ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ይላል። ገዥው የረከሰውን ይመርጣል። እስቲ እናስላው። ያለ ደረሰኝ 15 በመቶ ቢቀንስልዎ፣ የ100,000 ብር ዕቃ 85,000 ገዙ እንበል። 15,000 አተረፉ። ነገር ግን ከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ከሆኑ ሊቀነስልዎ ይችል የነበረው 100,000 ብር ወጪ 35,000 ብር ግብር ያድን ነበር። በቀመሩ አይቀልዱ።

ደረሰኝ ቢኖርም ሌላ ጣጣ አለ። የክሊኒኩ ስምና ቲን አልተጻፈበትም። ወይም ወንድምዎ በራሱ ስም አስቆርጦታል። ወይም «ልዩ ልዩ የሕክምና ዕቃ» ብቻ ይላል። ኦዲተሩ የሚጠይቀው «ይህ የማን ነው? ምንድን ነው የተገዛው?» ብሎ ነው። መልስ ከሌለ ወጪው ውድቅ ይሆናል። ሻጩ ፊት ቆመው ያንብቡት። አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ ማስተካከል ፈተና ነው።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ደግሞ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ሰነድ ለዓመታት መቀመጥ ስላለበት በዕለቱ ፎቶኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ይያዙት። ርካሽ መድኃኒት ነው።

የሐሰት ደረሰኝ ስለሚያቀርቡ ሰዎች ብዙ አልልም። ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። ፈቃድዎን ይዘው በመቶኛ እየታሰበ ከሚሸጥ ደረሰኝ ይራቁ።

የጥርስ ወንበሩን በአንድ ዓመት መብላት

ወንበር፣ ኮምፕረሰር፣ ኦቶክሌቭ፣ ራጅ ማሽን ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላሉ። ስለዚህ የተገዙበት ዓመት ሙሉ ወጪ አይሆኑም። በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ ነው የሚነሱት። በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 410 በቀጥተኛው ዘዴ ለኮምፒውተር 20 በመቶ፣ በሌላ ምድብ ስሙ ላልተጠቀሰ ዕቃ 15 በመቶ አስቀምጧል። የጥርስ ወንበር እዚህኛው ውስጥ ይወድቃል።

ወንበሩ 400,000 ብር ነው እንበል። በዓመት የሚነሳው 60,000 ብር ነው። ሚያዝያ 1 ቀን ሥራ ከጀመረ ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ያለው 3 ወር ብቻ ስለሆነ ለዚያ ዓመት 15,000 ብር ይሆናል። «ዘንድሮ ግብር ስለበዛብኝ ሰኔ ላይ ማሽን ልግዛ» የሚሉ አሉ። ማሽኑ ካስፈለገ ይግዙ። ለግብሩ ብለው ከሆነ ግን የዘንድሮን ግብር ብዙም አያንቀሳቅሰውም።

በተቃራኒው ያለውም ስህተት ነው። ወንበሩን ገዝተው እርጅናውን ጨርሶ ሳይዙ ዓመታት የሚያሳልፉ አሉ። የሚገባዎትን ስለተዉ ማንም አያመሰግንዎትም። አላቂ ዕቃ ላይ ደግሞ ሰኔ 30 ቆጠራ ያድርጉ። መደርደሪያ ላይ ያለው ያልተከፈተ ካርቶን የዘንድሮ ወጪ አይደለም።

የቤትና የክሊኒክ ኪስ አንድ መሆን

በግልዎ ስም የተከፈተ ክሊኒክ ካለዎት ለራስዎ «ደሞዝ» ከፍለው ወጪ መያዝ አይችሉም። የወሰዱት ከትርፉ ነው። ባለቤትዎ በእርግጥ ካርድ ክፍል የምትሠራ ከሆነ ደሞዟ ወጪ ነው። ግብሯና ጡረታዋ ይቆረጥ። ስሟ ብቻ ፔሮል ላይ ካለ ግን አይሆንም።

ጅማ ላይ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ክሊኒኩ ምድር ላይ የሆነ ግቢ ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ አንድ ጄኔሬተር ሁለቱንም ያበራል። ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ለክሊኒኩ መጻፍ ያስጠይቃል። በምክንያት የተደገፈ ክፍፍል ያውጡና ዓመቱን ሙሉ በእሱ ይቀጥሉ። መኪናውም እንዲሁ። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ የሕክምና ሥራ አይደለም።

ዘመድ ያበደረው ገንዘብ ወለድ ላይም ይጠንቀቁ። የባንክ ብድር ወለድና የዘመድ ብድር ወለድ ሕጉ ዘንድ እኩል አይደሉም።

ጥቃቅን የሚመስሉ

የጤና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ዕቃ ሲገዙ የከፈሉትን 15 በመቶ ማስመለስ አይችሉም ማለትም ነው። ለይተው «ተመላሽ» ብለው አይያዙት። ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምረው ወጪ ያድርጉት።

ቅጣት ወጪ አይሆንም። የገቢ ግብሩ ራሱም አይሆንም።

በነፃ ያከሙትን ታካሚ ዋጋ እንደ ልገሳ መቁጠርም አይቻልም። ለአቅመ ደካማ በነፃ ጥርስ መንቀል ጽድቅ ነው። ነገር ግን ያልተቀበሉት ክፍያ ገቢ ውስጥ ስላልገባ የሚቀነስበት ቦታ የለም። የተጠቀሙት ማደንዘዣና ጓንት ድሮውኑ በወጪ ተይዟል። በገንዘብ የሚሰጥ ልገሳ ሌላ ነገር ነው። ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለመንግሥት ጥሪ ሲሆን፣ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ይቀነሳል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ መሮጥ

የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ (ይህ የደሞዙ ሠንጠረዥ «ሀ» አይደለም፤ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ የንግድ ግብር ከፋይ ደረጃ ነው) የዓመቱን ሂሳብ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት። መስቀል አልፎ ገበያው ሲረጋጋ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። በዚያ ሰዓት የጠፋ ደረሰኝ አይገኝም፣ ሻጩም ስልክ አያነሳም። በየወሩ አንድ ፖስታ ይያዙ። ሰኔ 30 ሲመጣ 12ቱን ለሂሳብ ሠራተኛዎ ያስረክቡት፤ የጎደለው ደረሰኝ ካለ ሐምሌ ላይ ሻጩን ማግኘት ይቀላል።