ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ስናይ የምንሳሳተው

ብዙ ሰው ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመዱ እግራችን ሥር ይቆማሉ፤ ለፎቶም ይመቻሉ። የሐይቁን ሌሎች ወፎች ማየት የፈለገ ግን ፊላው፣ ማለትም ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር፣ ወዳልተነካበት ዳርቻ ይሂድ።

አርፍዶ መሄድም ስህተት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይሻላል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ለቪዲዮ ሲባል ወፎቹን ማስነሳት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ ጭቃው ላይ እየተራመዱ የሚለቃቅሙ ትንንሽ ወፎች አሉ፤ ሳንድፓይፐር ይባላሉ። የሚፈለፈሉት ሰሜን አውሮፓና ሳይቤሪያ ነው። ወደዚያ ለመመለስ ሰውነታቸው ስብ መያዝ አለበት። ባስነሳናቸው ቁጥር ያን ጉልበት በከንቱ ያቃጥላሉ። ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ይጠጓችኋል።

ትልቁ ስህተት ግን ጭቃውን እንደ ቆሻሻ ማየት ነው። «ዳርቻው ይልማ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ፊላው የተመነጠረበት ንጹሕ ጠርዝ ነው። ለወፎቹ ግን ገበታው ጭቃው ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ለስላሳው መሬት ይገለጣል፤ ትሉና ነፍሳቱ እዚያ ናቸው። በዚያ ቀጭን ምንቃር ድንጋይ አይቆፈርም! ጠርዙ ቀጥ ያለ ግንብ ከሆነ ውሃው ቢጎድልም የሚገለጥ ጭቃ የለም። ከተማውን ከጎርፍ የሚጠብቀው ግድብ ያስፈልጋል፤ እሱን አልቃወምም። ከግድቡ ወዲያ፣ ወደ ውሃው በኩል የቀረችውን ጠባብ መሬት አፈር ደልድሎ ካፌ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፊላውም ቢሆን ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራበት ቤት ነው።

ሐይቁን ብቻ አይቶ ጨለለቃን መርሳትም አለ። ጨለለቃ የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ደለል ሞላውና ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል። ጥቁር ውሃ ወንዝ በዚያ አልፎ ነው ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው። ረግረጉ ደለሉን ካላስቀረ ሁሉም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ደለል እዚያው ይቀራል።

ከሻሸመኔ ስትመጡ የጥቁር ውሃን ድልድይ ትሻገራላችሁ። በሚቀጥለው ጉዟችሁ እዚያ ወርዳችሁ ረግረጉን አንድ ጊዜ በደንብ እዩት።