ሳክስና ክላርኔት በቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል? መጀመሪያ ንፋሱ የሚወጣበትን ፈልጉ

ታችኛው ድምጽ እምቢ ሲል፣ ሲንተፋተፍ ወይም ሳይታሰብ ወደ ላይ ሲዘል ብዙ ሰው መጀመሪያ ሪዱን፣ ሲነፋ የሚርገበገበውን ስስ ሸምበቆ፣ ይቀይራል። ከዚያ አፍ ውስጥ የሚገባውን ማውዝፒስ ይቀይራል። ያም ካልሆነ «ትንፋሼ ደከመ» ብሎ ራሱን ይጠረጥራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፓድ (ቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ንጣፍ) ጠርዝ ላይ ያለች የፀጉር ያህል ክፍተት ናት። መሳሪያው እንደ ተበሳ ጎማ ንፋስ ያስወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ንፋሱ በየት እንደሚወጣ ፈልጉ። ይህን ሳያውቁ ብሎን ማዞር ደህናውንም ያበላሻል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር ላለነው ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ተቀምጦ ለአንዲት ብሎን መሃል ከተማ ድረስ ሳክስ ተሸክሞ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይበላል፤ ባለሙያውም በየሰፈሩ አይገኝም። ቤት ውስጥ የሚሰራውን ቤት ውስጥ መስራት ይቻላል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም። የመነጽር ወይም የሰዓት ጠጋኝ የሚጠቀምባቸው ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ የኪሮሽ መርፌ፣ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ ላይተር፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለምና የጥጥ ጨርቅ ይበቃሉ። ጨርቁ ያረጀ ነጠላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትም ይጠጣል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፉ፣ የወደቀች ብሎን ቶሎ ትታያለች።

ሳክስ ላይ ንፋሱን መፈለግ

አንገቱን፣ ማውዝፒሱ የሚገባበትን ቆልማማ ቱቦ፣ አውልቁ። ክፍሉን አጨልሙ፤ ማታ ቢሆን ይቀላል። ለገና ዛፍ የሚሸጠውን ዓይነት በገመድ የተደረደረ ትንንሽ መብራት ወደ ውስጥ አስገቡ። በባትሪ የሚሰራውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር ብረት ውስጥ አይገባም። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ በቀስታ ዝጉ። «በቀስታ» የሚለውን አደራ። ጨቁናችሁ ከያዛችሁት የማይገጥመውም ፓድ የገጠመ ይመስላል። ዘግታችሁት በጠርዙ በኩል ብርሃን ካመለጠ ንፋሱም በዚያው ነው የሚወጣው።

መብራቱ ከሌለ የሲጋራ ወረቀት ይሰራል፤ እንዲያውም ለእኔ እሱ ይሻላል። ወረቀቱን ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሙጫ ያለበትን ጠርዝ ጣሉት። ከፓዱ ስር አስገቡ፣ ቁልፉን በቀስታ ዝጉ፣ ወረቀቱን በዝግታ ሳቡ። ያዝ ማድረግ አለበት። በአራቱም አቅጣጫ ሞክሩ። በሦስቱ ይዞ በአንዱ በኩል ዝም ብሎ ከወጣ ክፍተቱ እዚያ ነው። ያን ቦታ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ትረሱታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሳክሱን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምጽ፣ ታችኛውን ቢ ፍላት፣ ለመንፋት ቱቦው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በሙሉ መዘጋት አለባቸው። ከላይ ያለ አንድ ፓድ ካልገጠመ መጀመሪያ የሚጎዳው ታችኛው ድምጽ ነው። ስለዚህ ታች እምቢ ሲል ታች ብቻ አትፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው። ሳክስ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ጂ ሻርፕ የሚባለውን ድምጽ ቁልፍ ነው።

እንዲህ ሞክሩት። በግራ እጅ ትንሿ ጣት ጂ ሻርፕን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ኤፍ፣ ኢ፣ ዲ የሚባሉትን ድምጾች ንፉ። ድምጹ ካልተለወጠ ደህና ነው። ከተንተፋተፈ ወይም ከጠፋ፣ የቀኝ እጅ ቁልፎች ሲጫኑ ጂ ሻርፕን ዘግታ መያዝ ያለባት ክንድ በደንብ አልደረሰችም። አብዛኞቹ ሳክሶች ላይ በዚያች ክንድ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለች። ወደ ቀኝ በጣም በጥቂቱ አዙሯትና እንደገና ንፉ። ካበዛችሁት ተቃራኒው ይመጣል፤ ጂ ሻርፕ ቀድሞ ይዘጋና ጎኑ ያለው የኤፍ ሻርፕ ፓድ ክፍት ይቀራል። ሁለቱንም በወረቀት እየፈተሻችሁ መሃሉን አግኙ። ሲስተካከል ብሎኗ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ፣ በንዝረት አትላላም። ብሎን የሌላት ከሆነ መገናኛው ላይ ስስ ወረቀት ወይም ስስ ቡሽ መለጠፍ ይበቃል።

ክላርኔት ከሆነ

የላይኛውን ክፍል ብቻ ያዙ። ቀዳዳዎቹን በጣት ዝጉ፣ ታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ድፈኑ፣ በላይ በኩል አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከንፈራችሁን ይዞ ለጥቂት ሴኮንድ ከቆየ ጤነኛ ነው። ወዲያው ከለቀቀ አንድ ቦታ ያስወጣል። ታችኛውንም ክፍል እንዲሁ አድርጉ። ብዙ የተማሪ ክላርኔቶች ላይ ጥፋቱ የላይኛው ክፍል አናት አጠገብ ባለው፣ የጉሮሮው ኤ በሚባለው ቁልፍ ላይ ያለችው ብሎን ናት፤ ከጠበቀች ከሥሯ ያለውን ፓድ በትንሹ ከፍታ ትይዘዋለች። ቁልፉ ጥቂት ለቀቅ እስኪል ድረስ ትንሽ አላሏት።

ሌላው የተለመደ ጉዳት የሚመጣው ሲገጣጠም ነው። ሁለቱን ክፍሎች ስታገጣጥሙ የላይኛውን ክፍል ቀለበት ተጫኑ፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የድልድዩ ቁልፍ ከፍ ይበል። ሳይጫኑ በግድ ማዞር ድልድዩን ያጣምመዋል።

ፓድ ሲጣበቅና ሳይገጥም ሲቀር

የሚጣበቁት ብዙውን ጊዜ ሳይነኩ ዝግ ሆነው የሚቆዩት ናቸው፣ ሳክስ ላይ ጂ ሻርፕና ታችኛው ሲ ሻርፕ። ምክንያቱ ምራቅና ስኳር ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ጠጥታችሁ ቀጥታ አትንፉ፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። የተጣበቀውን ለማላቀቅ የሲጋራ ወረቀቱን ከፓዱ ስር አስገቡ፣ ቁልፉን ዝጉ፣ እርጥበቱን ይምጠጥ፣ ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ ወረቀቱን አውጡ። ተዘግቶ እያለ መጎተት የፓዱን ቆዳ ይልጠዋል። ፓውደር አትንፉበት፤ ለዛሬ ይሰራና ነገ ከእርጥበቱ ጋር ጭቃ ይሆናል።

ቆዳው ያልተቀደደ ግን በአንድ በኩል የማይገጥም ፓድ በሙቀት ይስተካከላል። ሳክስ ላይ የላይተሩን እሳት ፓዱን ከያዘው ክዳን ጀርባ ለጥቂት ሴኮንድ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ፣ ውስጥ ያለው ሙጫ ለስለስ ይላል፣ ቁልፉን በቀስታ ዘግታችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁት ቀለሙ ይቃጠላል። ዘይትና አልኮል ከአጠገባችሁ አርቁ። ክላርኔት ላይ ግን ቁልፉን ነቅላችሁ ካልሆነ እሳት አታቅርቡ፣ ፕላስቲኩም እንጨቱም አይችለውም። የተቀደደ ፓድ አይታከምም፣ ይቀየራል። ዲያሜትሩንና ውፍረቱን በሚሊሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ «የሳክስ ፓድ አምጣልኝ» ማለት አይበቃም፣ ልኩን ላኩለት።

ሞላና ቡሽ

አንድ ቁልፍ ድንገት ልፍስፍስ ካለ ሞላው ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። መርፌ የምትመስለዋን ብረት በኪሮሽ መርፌ ያዝ አድርጋችሁ ወደ ማረፊያዋ መልሷት። አትጠምዝዟት፣ ትሰበራለች። ተሰብራ ከሆነና ማታ ሰርግ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ቀጭን የብር ላስቲክ ቁልፉን ወደ ቦታው ስቦ ሊይዝላችሁ ይችላል። ሲነጋ ግን አውልቁት።

የአንገቱ ቡሽ ሲሟሽሽ ማውዝፒሱ ይወዛወዛል። ለአንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኞች ቴፍሎን ይበቃል። በደንብ ለመስራት አሮጌውን ልጣችሁ አንሱ፣ ብረቱን በአልኮል አጽዱ። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው የቡሽ ንጣፍ በልኩ ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ በሰያፍ አሳሱት፣ መደራረቢያው ጉብ እንዳይል። ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ቀቡ፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ እያጠበቃችሁ ጠቅልሉ። ማስቲሽ አንዴ ከያዘ አይመለስም፣ ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ ጀምሩ። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እያሳሳችሁ ማውዝፒሱን ለኩ።

የክላርኔት መገጣጠሚያ ቡሽ ከጠፋ በጥጥ ክር ይተካል። ክሩን በንብ ሰም እያሻችሁ ጎድጓዳው ላይ እኩል ጠምጥሙ። ጥንት ቡሽ ሳይለመድ የሚሰራው እንዲህ ነበር፣ ዛሬም ያገለግላል። በጣም አታጥብቁት፣ እንጨቱን ይጨምቀዋል።

ከነፋችሁ በኋላ፣ ከክረምትና ከአቧራ መጠበቅ

ከዚህ ሁሉ ጥገና ግማሹን የሚያስቀር ሥራ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ነፍታችሁ ስትጨርሱ አድርቁት። ካረጀ ነጠላ ቁራጭ ላይ የጫማ ማሰሪያ እሰሩ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ዳዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንጠልጥሉ፣ በሰፊው አፍ አስገብታችሁ ሳቡት። ሪዱን አውልቁ፣ ጥረጉ፣ ዝርግ ነገር ላይ አስቀምጡ። ሪድ እኮ ያው የእኛ ሸምበቆ ነው፣ እርጥብ ከታሸገ ይሻግታል። ማውዝፒሱን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ሙቅ ውሃ ጥቁሩን ጎማ ቀለም ያሳጣዋል፣ ሽታም ያመጣል።

አስፋልት ያልደረሰበት ሰፈር ያላችሁ አቧራውን አትናቁ። ቁልፎቹ ዘንግ ውስጥ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ይበላዋል። መጀመሪያ በደረቅ የሥዕል ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በየመጋጠሚያው አድርጉ። ጠብታዋ ፓድ እንዳትነካ። የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፣ ሲቆይ ይደርቅና ይጣበቃል። በክረምት ሳጥኑን ፀሐይ ባገኛችሁ ቁጥር ባዶውን ከፍታችሁ አናፍሱት፣ መሳሪያውን ግን ጥላ ውስጥ አቆዩት።

የእንጨት ክላርኔት ያላችሁ የምትፈሩት በጋውን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። በማለዳ ቀዝቃዛውን እንጨት በሞቀ ትንፋሽ ወዲያው መንፋት ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ ብብታችሁ ስር ይዛችሁ አሙቁት። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ስንጥቅ ካያችሁ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ መንፋት አቁሙ፣ ራሳችሁ ሙጫ አታፍስሱበት።

ዋሽንት ለምትነፉም አንድ ነገር፤ የተሰነጠቀ ዋሽንት ብዙ ጊዜ ይድናል። ስንጥቁን በሰም ሙሉት፣ በሰም የታሸ ክር በላዩ ላይ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ የጣት ቀዳዳዎቹን ሳትነኩ።

የተጣመመ ዘንግ፣ ከወደቀ በኋላ የጎበጠ ቱቦ፣ የእንጨት ስንጥቅ፣ እነዚህ የባለሙያ ሥራ ናቸው። ስትወስዱት ሳጥኑን ታክሲ ፖርቶመጋላ ላይ አታስጭኑ፣ ጭናችሁ ላይ ያዙት። በወረቀት ፍተሻው የጻፋችሁትንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው ድምጽ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ፓድ በየትኛው በኩል እንደማይገጥም ስትነግሩት ባለሙያው ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራል።