ራቁቱን የወጣ የሽንኩርት ህዋስ፦ በስኳር ውሃና በምላጭ እንዴት ይሠራል?

«ጂምኖፕላስት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ሳየው የጂምናስቲክ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ዘመድ ናቸው። «ጂምኖስ» በግሪክ ራቁት ማለት ነው፤ የጥንት ግሪኮች ስፖርት የሚሠሩት ልብሳቸውን አውልቀው ነበር። ጂምኖፕላስት ደግሞ ግድግዳው የወለቀለት የእፅዋት ህዋስ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ፕሮቶፕላስት ይሉታል።

እኔ ያየሁት ደሴ ውስጥ፣ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ ከሰኞ ገበያ በተገዛ ቀይ ሽንኩርት ነው። ዘዴው አሮጌ ነው። ስዊድናዊው የእፅዋት ተመራማሪ ዮን አፍ ክለርከር እ.ኤ.አ. በ1892 ህዋሶችን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነበር።

መጀመሪያ ሁለት የስኳር ውሃ አዘጋጁ። አንዱ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 25 ግራም ስኳር፣ ሌላው 15 ግራም። ሲያዩዋቸው አይለዩም፤ ብርጭቆዎቹ ላይ ምልክት አድርጉ። የደሴ ብርድ ስኳሩን ቶሎ አያሟሟም፣ ደጋግማችሁ አማስሉ። (እናቴ ስታየኝ «ንብ ልትቀልብ ነው እንዴ?» ብላኛለች።)

ከሽንኩርቱ ሥጋ በውጭ በኩል ያለውን ሐምራዊ ስስ ቆዳ በወረንጦ ላጡ። በውስጥ በኩል ያለው በቀላሉ ይላጣል፣ ግን ቀለም የለውም፤ በኋላ ዓይናችሁን ያደክማል። የላጣችሁትን ወፍራሙ (25 ግራሙ) የስኳር ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ንከሩት። ስኳሩ ከህዋሱ ውሃ ስለሚስብ በውስጡ ያለው ሐምራዊ አካል ይኮማተራል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል። በማይክሮስኮፕ 100 ጊዜ አጉልታችሁ ስታዩ በህዋሱ ጫፍና ጫፍ ባዶ ቦታ መታየት አለበት። ካልታየ ጠብቁ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። መቁረጥ።

የሽንኩርት ህዋሶች ረዣዥም ናቸው፣ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ምላጩ ርዝመታቸውን አግድም መቁረጥ አለበት። ያኔ አንዳንዱ ህዋስ ባዶው ጫፍ ላይ ይቆረጥና በሩ ይከፈታል። ሌላው መሃሉ ላይ ተመትቶ ይሞታል። የትኛውን እንደምትመቱ በዓይን አታዩም፤ ስለዚህ አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ አቀራርባችሁ ቁረጡ። ቆዳው ሁልጊዜ በወፍራሙ የስኳር ውሃ እንደረጠበ ይሁን።

ምላጩ አዲስ ይሁን። ጢም የተላጨበት አይሆንም፣ ቢላማ ጭራሽ። የደነዘ ስለት ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። መጫን የለም፣ አንዴ ሳብ ማድረግ ብቻ።

ከዚያ ቁርጥራጮቹን ወደ ቀጭኑ (15 ግራሙ) የስኳር ውሃ አዛውሩ። ህዋሱ ውሃ እየሳበ ያብጥና በተከፈተው በር ተገፍቶ ይወጣል። ሁለት ቀን ያቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። «ቀጭን ስኳር ምን ያደርጋል?» ብዬ ንጹህ ውሃ ጨመርኩ። የሚወጡ ኳሶች አየሁ፣ ጮህኩ፣ ጓደኛዬን ጠራሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ እስኪያይ አንድም አልቀረም። ሁሉም ፈንድተዋል። ህዋስ ውሃ ሲጠጣ እንዳይፈነዳ የሚይዘው ግድግዳው ነበር፤ ግድግዳውን ነጥቀነው ንጹህ ውሃ ካጠጣነው አለቀለት።

ጨውም ይሠራል የሚሉ አሉ። ውሃውን ይስበዋል፣ እውነት ነው፤ እኔን የቀናኝ ግን በስኳር ነው።

ማይክሮስኮፕ ካማረጣችሁ በመስታወት ብርሃን የሚቀበለውን አሮጌውን እመርጣለሁ። መብራት ቢጠፋ አይገደውም። የጦሳ ተራራ ጉም እስኪገፈፍ መጠበቅ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ የምታገኙት ጥቂት ነው። በገፍ የተገኘው እንግሊዛዊው የእፅዋት ተመራማሪ ኤድዋርድ ኮኪንግ እ.ኤ.አ. በ1960 የቲማቲም ሥር ጫፍን ግድግዳ ከሻጋታ በተገኘ ኢንዛይም ካሟሟ በኋላ ነው። በ1978 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የድንችና የቲማቲም ራቁት ህዋሶችን አዋህደው አንድ ተክል አበቀሉ። ከእኛ ጓዳ ይህን አትጠብቁ።

ሽፋን መስታወቱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ግራና ቀኝ አንድ አንድ የራስ ፀጉር አስቀምጡ። ያለዚያ መስታወቱ ኳሶቹን ይደፈጥጣቸዋል። ከዚያ የቆዳውን የተቆረጠ ጠርዝ ተከትላችሁ ፈልጉ፤ ማዕዘን የሌለው፣ ድቡልቡል ያለ ሐምራዊ ነገር ካያችሁ እሱ ነው።