የሆኪ ተጫዋች ጉልበት፦ ከሎሚው ስር ሲያም እና እግር ሲከዳ

የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋች «ጉልበቴን አመመኝ» ሲል ሰው ቶሎ የሚያስበው ግጭት ነው። ከአጥሩ ጋር ተላትሞ፣ ሰው ወድቆበት፣ ፓክ (በዱላ የሚመታው ጠንካራ ክብ ጎማ) መትቶት። ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ የሚመጣው ሕመም ግን ሌላ ነው፣ ሲጀምርም የሚናቅ ዓይነት ነው። የማወራው ስለሱ ነው፤ የጉልበት ሎሚን ከቅልጥም አጥንት ጋር ስለሚያያይዘው ጅማት። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ይሄ ጅማት ተኝቶ አይድንም። እረፍት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም።

ምልክት፦ ከሎሚው ስር፣ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም

ልምምድ ሲጀመር ያማል። ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል። ተጫዋቹም «ለቀቀኝ» ብሎ እስከ መጨረሻው ይጫወታል። በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ወይም ከመኪና ሲወጣ ያው ቦታ ጨምድዶ ይይዘዋል። «የቱ ጋ ነው?» ሲባል መዳፉን ጉልበቱ ላይ አያሳርፍም፤ በሌባ ጣቱ የሎሚውን የታችኛውን ጫፍ ይነካል። ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው።

ምክንያቱ ጅማቱ ላይ ከለመደው በላይ ሥራ በድንገት መምጣቱ ነው። «በረዶ ላይ እኮ ዝላይ የለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ስኬቲንግ በአብዛኛው ጉልበትን አጥፎ ወደ ጎን መግፋት ነው። ይሄን ጅማት ክፉኛ የሚፈትነው ደግሞ መዝለል፣ ከዝላይ ማረፍ እና ሮጦ ድንገት መቆም ነው። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ሆኪን ጨምሮ በ9 ስፖርቶች ያሉ 613 ምርጥ ስፖርተኞችን አይቶ ነበር። ከመረብ ኳስ ተጫዋቾች 44.6 በመቶ፣ ከቅርጫት ኳሶቹ 31.9 በመቶ ሕመሙ ነበረባቸው። ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ሲዘረጉ የሚውሉት ብስክሌተኞች ግን አንድም አልተገኘባቸውም። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ በረዶው ሳይሆን ከበረዶ ውጪ ስላለው ልምምድ ነው። ሊጉ ዝግ በነበረበት ጊዜ ሳጥን ላይ መዝለል ተጨመረ? የደረጃ ሩጫስ? ከዚያ ሁሉ በኋላ በሴፕቴምበር ካምፕ ገብቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ በረዶውንም ጂሙንም ደራረበው? ከሆነ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሄው መቀነስ ነው፣ ጨርሶ ማቆም አይደለም። ዝላዩንና ሩጫውን ለጊዜው አውጡ፣ በረዶ ላይ የምትቆዩበትን ሰዓት አሳጥሩ። የጥንካሬው ሥራ ግን ይቀጥላል። ሕመሙ ቁጡ ከሆነ ሳትንቀሳቀሱ በመያዝ ጀምሩ፦ ሌግ ኤክስቴንሽን ማሽን (ተቀምጦ እግርን ወደ ፊት በመዘርጋት ክብደት የሚነሳበት) ላይ ጉልበትን 60 ዲግሪ ያህል አጥፎ፣ ከበድ ያለ ክብደት ለ45 ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፣ 5 ጊዜ መድገም። አንዳንዱን ወዲያው ይቀለዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ካልሠራላችሁ ብዙ አትታገሉ፣ እለፉት።

ዋናው የሚቀጥለው ነው፤ ከባድ ክብደት፣ በዝግታ። ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ሌግ ፕሬስ (ክብደትን በእግር መግፋት)፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በመሃል ቢያንስ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። 3 ሰከንድ መውረድ፣ 3 ሰከንድ መውጣት። መጀመሪያ 15 ጊዜ ብቻ ሊነሳ በሚችል ክብደት ትጀምሩና በ12 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ 6 ጊዜ ብቻ ወደሚነሳው ትደርሳላችሁ። ዝግታውን አትቀልዱበት። ብዙ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሦስት ሳይል ብድግ ይላል፣ ምክንያቱም ጭኑ የሚንቀጠቀጠው እዚያች ሦስተኛዋ ሰከንድ ላይ ነው።

እየሠራችሁ ከ10 ነጥብ እስከ 3 ነጥብ የሚደርስ ሕመም ቢሰማችሁ አትደንግጡ። ፈራጁ ማግስቱ ነው። ጠዋት በአንድ እግር ቆማችሁ ትንሽ ቁጢጥ በሉ። ከትናንት ካልባሰ የሠራችሁት ልክ ነበር፤ ከባሰ ክብደቱን ቀንሱ እንጂ ሁሉንም ጥላችሁ ሶፋ ላይ አትውጡ።

ምልክት፦ ሕመሙ ጠፍቷል፣ እግሩ ግን አይገፋም

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ የለም፣ ሐኪሙም ፈቅዷል፣ ተጫዋቹ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግፊቶች ላይ ይቀደማል። ቁምጣ ለብሶ ሲቆም ከጉልበቱ በላይ ያለው ጡንቻ ከሌላኛው እግር ሟሽሾ ይታያል። ስኳት ሲሠራ ከኋላው ሆናችሁ ካያችሁት ዳሌው ወደ ጤነኛው እግር ያጋድላል። ክብደቱ ይነሳል፣ ያነሳው ግን ጤነኛው እግር ነው።

ሰውነት የሚያመውን እግር እያዳነ ለወራት ስለቆየ የፊት ጭን ጡንቻው ሰንፏል። በሁለት እግር የሚሠራ ስኳት ይሄን ይደብቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን እግር ለብቻው ለኩ፣ ለብቻውም አሠሩ። ሌግ ኤክስቴንሽን ለጉልበት መጥፎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ የፊት ጭን ዳሌና መቀመጫ ላይ ተደግፎ የማያመልጥበት ማሽን ነውና። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ሳይወርድ ሙሉ ጨዋታ አትመኙ። ወራት ይፈጃል፣ እውነቱ ይሄ ነው።

የውስጥ ጭንንም አትርሱ። በአንድ የኤን ኤች ኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ቡድን ላይ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት የውስጥ ጭኑ ጥንካሬ ከውጪው 80 በመቶ በታች የሆነበት ተጫዋች ብሽሽቱን የመጎዳት ዕድሉ 17 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ጉልበት ሲያክሙ ከርመው በብሽሽት መውጣት ያበሳጫል።

ምልክት፦ በረዶ ላይ በተመለሰ ቁጥር ያገረሻል

ብዙ ጊዜ ከጂም በቀጥታ ወደ ጨዋታ ስለሚዘለል ነው። ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መንሸራተት፣ ከዚያ መታጠፍ፣ ከዚያ ድንገት መቆምና መነሳት፣ ከዚያ ነው ሙሉ ፈረቃ፣ ማለትም በጨዋታ ተቀይሮ እስኪወጡ በረዶ ላይ መቆየት። ሳጥን ላይ መዝለል መጨረሻ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ከባድ ቀን አታከታትሉ። ደግሞ በተመለሳችሁበት ሳምንት አዲስ ጫማ አታድርጉ፣ ከጫማው ስር ያለውን የስለት አቀማመጥም አታስቀይሩ። ስለቱ ወደ ፊት ትንሽ ሲያዘነብል ጉልበት የሚቆምበት ቦታ አብሮ ይቀየራል።

መርፌ ልወጋ?

ኮርቲዞን ቶሎ ያስታግሳል፣ የሚወደደውም ለዚህ ነው። በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ግን መርፌውን ከዝግታ ክብደት ሥራ ጋር አወዳድሮ ነበር። በ12 ሳምንት ሁሉም ተሻላቸው፤ ግማሽ ዓመት ላይ ግን የተወጉት ወደ ኋላ ተመልሰው ነበር። ወጌሻ ጭኑን ቢያሸው ደስ ይላል፣ የታመመውን ጅማት ራሱን ፈትጎ ማዳን ግን አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን። እኛ ጋ ለተቅማጡም ለሽንት ቧንቧውም ቶሎ የሚዋጠው ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2008 ጀምሮ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ጅማታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት።

ጅማቱ ላይሆን ይችላል

ጉልበቱ ራሱ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ወይም ከተቆለፈ ሌላ ነገር ፈልጉ። የኮሎራዶ አቫላንሽ አምበል ጋብሪኤል ላንደስኮግ በ2020 የቡድን ጓደኛው የጫማ ስለት ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ የተበላሸበት ልም አጥንቱ ነበር። በ2022 ዋንጫ አንስቶ መጫወት አቆመ፣ በ2023 የልም አጥንት ንቅለ ተከላ ተደረገለት፣ ወደ ኤን ኤች ኤል የተመለሰው በኤፕሪል 2025 ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጉልበት በስኳት ብቻ አታክሙትም።

ቶሮንቶ ወይም ሚኒሶታ ሆኪ የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከጅማቱ ግርጌ አጥንቱ ላይ አብጦ ካመመው በብዛት የእድገት ጉዳይ ነው። ዝላይና ሩጫ ቀንሱለት፣ ለአዋቂ የተጻፈውን ከባድ ክብደት አትጫኑበት።

«ቷ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ፣ ሎሚው ወደ ላይ ሸሽቶ፣ የተዘረጋ እግር ከአልጋ ላይ አልነሳ ካለ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ መፈተሽም መጠበቅም የለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት የሚጠገነው በቀዶ ሕክምና ነው፣ ሳምንታት ካለፉ ደግሞ ጅማቱ ስለሚሸሽ ሥራው ይከብዳል።