እንቁላል የምትወጣበትን ቀን ቤት ውስጥ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

እንቁላል ከወጣች በኋላ ዘር የምትቀበለው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንዱ ዘር ግን ምቹ ፈሳሽ ካገኘ ማህፀንና ከእንቁላል እጢ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ስለዚህ የሚረገዝባቸው ቀኖች እንቁላሏ የምትወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት 5 ቀኖች ናቸው። መውጣቷን አረጋግጦ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል።

መጀመሪያ ቁጠሪ። ደም መፍሰስ የጀመረበትን ቀን 1 ብለሽ ቢያንስ ለ3 ዙር መዝግቢ። እንቁላል ከወጣች እስከ ቀጣዩ የወር አበባ በአብዛኛው 14 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ የሚቀነሰው ከመጨረሻው ነው፦ ዙርሽ 28 ከሆነ 14ኛው ቀን፣ 32 ከሆነ 18ኛው ቀን አካባቢ። ጳጉሜን አትርሺ! ነሐሴ 20 አይተሽ መስከረም 13 ከመጣ፣ ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት 28 ቀን ነው። ጳጉሜን የዘለለች 23 ብላ ትቆጥርና ስሌቷ በ5 ቀን ይዛባል።

ከዚያ ከብልትሽ የሚወጣውን ፈሳሽ ተመልከቺ። ቀኑ ሲቃረብ ይበዛል፣ ይጠራል፣ በሁለት ጣት መሃል ስትስቢው እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ሳይበጠስ ይለጠጣል። ያየሽ ቀን ግንኙነቱን ለነገ አትበይ።

የሽንት መመርመሪያው ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን ይለካል፤ ሆርሞኑ ማሻቀብ ከጀመረ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ እንቁላል ትወጣለች። ሁለተኛው መስመር ከመቆጣጠሪያው መስመር እኩል ወይም የበለጠ መድመቅ አለበት። ከእርግዝና ምርመራ በተለየ ደብዘዝ ያለ መስመር አይቆጠርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው መመርመሪያ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። ሐረር ላይ ይህ እምብዛም አያስቸግርም። ድሬዳዋ ላይ ግን ከከዚራ ሰፈር ገዝተሽ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ወይም ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከተውሽው ውጤቱን ማመን ያስቸግራል። ማሸጊያውን ከፍተሽም አታቆዪው።

የሰውነት ሙቀት ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ይለካል። እንቁላል ከወጣች በኋላ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ይጨምራል፤ ስለዚህ ያለፈውን ያረጋግጣል እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። ወባ ወይም ደንጊ ያተኮሰሽን ሰሞን፣ ወይም እንቅልፍ ሳትተኚ ያደርሽበትን ቀን አትቁጠሪ።

ዘርና እንቁላል የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ፣ ሰፋ ባለው ወደ እንቁላል እጢው በሚጠጋው ክፍል ነው። አንድ ዘር ሲገባ የእንቁላሏ ሽፋን ለሌሎቹ ይዘጋል። ጽንሱ እየተከፋፈለ በ3 እና 4 ቀን ማህፀን ይደርሳል፣ እንቁላል ከወጣች ከ6 እስከ 10 ባለው ቀን ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቱቦው በኢንፌክሽን ጠባሳ ከጠበበ ጽንሱ እዚያው ሊቀር ይችላል። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለማርገዝ ካሰብሽ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ከአሁኑ ጀምሪ። ከ35 ዓመት በታች ሆነሽ 1 ዓመት፣ ከ35 በላይ ደግሞ 6 ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም ተመርመሩ። የባል የዘር ምርመራ ቀላል ስለሆነ ሴቷ ብቻዋን ስትመላለስ ዓመት ሊያልፍ አይገባም።